ግድግዳ የሌለው መንደር፦ ጅማ ዙሪያ የጥንት ገበሬዎችን መኖሪያ ለመጎብኘት ለሚወጣ ሰው

መጀመሪያ የሚያሳፍረኝን ልናገርና ወደ ሥራው እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ይዤ ከከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የቡና መንደር ስናልፍ፣ አጥር ሥር ግማሹ አፈር የለበሰ የወፍጮ ድንጋይ አየሁ። መሀሉ እንደ ገበታ ጎድጉዶ ተበልቷል። ልቤ ዘለለ። ልጆቹን ሰብስቤ ስለ ጥንት ገበሬ፣ የዱር እህል ስለማላመድ፣ ስለ ሺህ ዓመታት ሃያ ደቂቃ ያህል አወራሁ። እኔ ሳወራ አንዲት እናት ከጓሮ ብቅ ብለው ቆመው ያዳምጡ ነበር። ስጨርስ፣ «ልጄ፣ ይሄኮ የአማቴ ወፍጮ ነው። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ እዚህ የጣልኩት እኔው ነኝ» አሉኝ። ልጆቹ ሳቅ መያዝ አልቻሉም። እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ፣ ግን ቤት እስክደርስ ፊቴ ይግል ነበር።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እናንተም እንደኔ እንዳትሆኑ ነው። ጅማ ላይ ትኬት ቆርጣችሁ የምትገቡበት፣ ገመድ ተወጥሮለት አስጎብኚ የቆመበት የቅድመ ታሪክ መንደር የለም። ያለው መሬቱ ነው። መሬቱን ለማንበብ ደግሞ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ዛሬ የሚኖርበትን ግቢ በደንብ ማወቅ፣ እና ያዩትን ሁሉ ቶሎ አለማመን።

አንደኛ፦ የማታዩትን ነገር አስቀድማችሁ እወቁ

ሰው «የጥንት መንደር» ሲባል በዓይነ ሕሊናው የድንጋይ ግድግዳ ያያል። አክሱምን፣ ላሊበላን ያየ ሰው ቢጠብቅ አይፈረድበትም። አስመራ አካባቢ ከ2,400 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የገበሬ መንደሮች ሲገኙ የድንጋይ ቤቶቻቸው መሠረት ከእነ ጓዳው ወጥቷል። እዚያ ድንጋይ ሞልቷል፣ ዝናቡ ትንሽ ነው።

የእኛ አገር ቤት ግን እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነው። ምስጥ አለ። ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ አይለቅም። ቀዩ አፈራችን ኮምጣጣ ስለሆነ አጥንት እንኳ ቀስ በቀስ ይበላል፤ የታረደ ከብት አጥንት ዛሬ ቢቀበር ከብዙ ዘመን በኋላ ለሚቆፍር ሰው ጥርስ ቢተርፈው እድለኛ ነው። የምሰሶው እንጨት ሲበሰብስ የሚተወው በቀዩ አፈር ውስጥ ክብ ጥቁር ምልክት ብቻ ነው፣ እሱም በሠለጠነ ቁፋሮ ካልሆነ አይታይም።

የሚተርፈው ምንድን ነው? ድንጋይ፣ የተተኮሰ ሸክላ፣ ከሰል፣ የተቃጠለ ምርጊት፣ ጉድጓድና ቦይ። ከሰል የሚተርፍበት ምክንያት ደስ ይላል፦ አንዴ የከሰለ ነገር ለምስጥም ለሻጋታም ምግብ አይሆንም። ስለዚህ ምድጃ ዳር ወድቆ ያረረ አንድ የእህል ቅንጣት፣ ጎተራ ሙሉ እህል ካለቀ በኋላ ለሺህ ዓመታት ይቆያል። የተቃጠለ ቤትም እንዲሁ ነው። ጎጆ ሲቃጠል ምርጊቱ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ በላዩ ላይ የማገሩ እንጨት ቅርጽ ታትሞ ይቀራል። ለባለቤቱ መዓት የሆነው ቀን ለእኛ ማኅተም ሆኖ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፦ በቆሎውን ንቀሉ (በሐሳብ)

ይህ ደረጃ ገንዘብ አያስወጣም፣ ግን ሰው ሁሉ ይዘለዋል። ከማሳው ፊት ለፊት ቁሙና ከውጭ የመጣውን ሁሉ አንድ በአንድ አጥፉት። ባህር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው፣ ይጥፋ። በቆሎ፣ በርበሬ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ቲማቲም፣ አቮካዶ፣ ፓፓያና ዘይቱና ሁሉም ትውልዳቸው አሜሪካ ነው፤ ከ500 ዓመት ወዲህ ካልሆነ እዚህ ሊደርሱ አይችሉም። ማንጎና ሙዝም የእስያ ናቸው።

አሁን ምን ቀረ? እንሰት፣ ቡና፣ ኮረሪማ፣ የሐበሻ ጎመን፣ ጤፍ፣ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ ኑግ፣ ቦዬ። ገብስ፣ ስንዴና ሽምብራ ደግሞ መነሻቸው መካከለኛው ምሥራቅ ቢሆንም ከገቡ የቆዩ ናቸው፤ ጣና አጠገብ ባሉ ዋሻዎች የ2,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው አፈር ውስጥ ገብስና ሽምብራ ተገኝቷል። ተማሪዎቼ በዚህ ጨዋታ በጣም የሚደነግጡት በርበሬ ሲጠፋ ነው። «ያለ በርበሬ ምን ይበሉ ነበር?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ኮረሪማውን አሳያቸዋለሁ።

ስለ እንሰት አንድ ነገር ጨምሩ። የጅማ ኦሮሞዎች «ወርቄ» የሚሉት ይህ ተክል በኢትዮጵያ ብቻ ለምዶ የሚበላ ነው። የሚተከለው ከቁርጡ በሚበቅል ቡቃያ ነው፤ የሚቆረጠውም አብዛኛውን ጊዜ ሳያብብ ነው። አላበበም ማለት ዘርም የአበባ ብናኝም አላስቀረም ማለት ነው። ቆጮው ደግሞ ከሰል ሆኖ የሚቆይ ቅንጣት የለውም። ስለዚህ አንድ መንደር ለሺህ ዓመት እንሰት ሲበላ ኖሮ፣ ለቁፋሮ ባለሙያ ምንም ያልበላ ሊመስለው ይችላል። ምልክቱን ለማግኘት ባለሙያዎች በማጉያ መሣሪያ ከአፈርና ከመሣሪያ ጠርዝ ላይ ከቅጠል የሚቀር መስታወት መሰል ደቃቅ ቅንጣት (ሲሊካ) እና የስታርች ቅንጣት ይፈልጋሉ። እኛ የምናየው ግን ቆጮው የሚብላላበትን ጉድጓድ ነው፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሦስተኛ፦ መጀመሪያ ሰው ያለበትን ግቢ ጎብኙ

የሞተውን መንደር ለማወቅ ያለውን መንደር ማወቅ ይቀድማል። ከተማ ውስጥ ያለውን የጅማ ሙዚየም እና ጅረን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ ጅረን ከከተማው መሀል ወደ 7 ኪሎ ሜትር ነው፣ ባጃጅ ይወስዳችኋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር (እ.ኤ.አ. 1878–1932) የቅድመ ታሪክ ሰው አይደሉም፣ ቤታቸውም የገበሬ ቤት አይደለም። እዚያ የምልካችሁ ለሌላ ምክንያት ነው፦ ትልቅ ሕንፃ ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ሲያረጅ ምን እንደሚሆን፣ ምን ቶሎ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚዘገይ በዓይናችሁ ታያላችሁ። በረንዳውንና ምሰሶውን እያያችሁ «ይህ ጥገና ባያገኝ በመቶ ዓመት ምን ይቀር ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሙዚየሙ ውስጥ ያሉትን በርጩማዎችና የእንጨት ዕቃዎችም እንዲሁ፤ ጅማ የምትኮራበት የእንጨት ሥራ በሙሉ ለአፈር ቢሰጥ አንዱም አይተርፍም።

ከዚያ ገጠር ወጥታችሁ አንድ ቤተሰብ ለምኑና ግማሽ ቀን ተቀመጡ። እኔ ልጆቹን አሁን የምወስዳቸው እነዚያ እናት ጋ ነው። ወፍጮውን ከአጥር ሥር አውጥተው አጥበው፣ መጁን ከጓዳ አምጥተው ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ እፍኝ ማሽላ ይሰጣሉ። እስካሁን እፍኙን ጨርሶ የፈጨ ተማሪ አላየሁም። በዚያ ግማሽ ቀን የሚከተሉትን ልብ በሉ፦

ጉልቻው የት ነው? ሦስቱ ድንጋዮች በውስጥ በኩል ቀልተዋል፣ በሥራቸው ያለው አፈር እንደ ጡብ ጠንክሯል። አመዱ የት ይደፋል? ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ከበር ራቅ ብሎ ጓሮ ይደፋል፤ የተሰበረ ጀበናና ምጣድም እዚያው ይጣላል። የቆጮው ጉድጓድ እንሰቱ መሀል ነው፣ በቅጠል ተለብዷል። ከብቱ የት ያድራል? እርጥብ ቦታ የትኛው ነው? አጥሩ ምን ተክል ነው? ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ በእጃችሁ ሣሉት። መሬት ላይ ስትወጡ የምትፈልጉት ይህንኑ ሥዕል ነው፣ ሰውና ቤት የሌለበት ሆኖ።

አራተኛ፦ ወቅት

ምርጡ ጊዜ ማሳ ታርሶ፣ አንድ ሁለት ዝናብ መትቶት፣ ሰብሉ ገና ሳይሸፍነው ያለው ነው። ማረሻው ገሉን ያወጣል፣ ዝናቡ ያጥበዋል። ለበቆሎ በሚታረሰው መሬት ይህ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ ይሆናል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አትድከሙ፤ ጭቃው ጫማችሁን ይነጥቃችኋል፣ ሣሩም ምንም አያሳይም። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አየሩ ያምራል፣ ግን የቡና ለቀማ ስለሆነ ሊያናግራችሁ ጊዜ ያለው ሰው አታገኙም። ቦይና ጉብታ ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ደረቁ ወቅት፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሻላል። ፀሐይ ዘንበል ብላ ስታበራ፣ እኩለ ቀን ላይ ሜዳ የመሰለው መሬት ጥላ አውጥቶ ራሱን ይናገራል።

አምስተኛ፦ ፈቃድ

አጭር ነው፣ ግን የማይዘለል። የዞኑን ወይም የወረዳውን ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ደብዳቤ ያዙ፣ ደብዳቤውን ለቀበሌው አሳዩ፣ ከዚያ የመሬቱን ባለቤት ራሱን ለምኑ። ደብዳቤ አለኝ ብሎ የሰው ማሳ መርገጥ ነውር ነው። ዓርብ ከስግደት በፊት አትሂዱ። ስኳርና ሳሙና ይዛችሁ ብትሄዱ አይበዛም። ስትደርሱ «አካም ቡልታኒ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ቡና ሲቀርብ ደግሞ አትቸኩሉ። ከሁሉ የሚበልጠውን መረጃ የምታገኙት እዚያ ቡና ላይ ነው፦ «ማረሻ ስታስገቡ ገል የሚወጣባችሁ የት ነው? ሽንት ቤት ስትቆፍሩ አመድ ያገኛችሁበት አለ? ድሮ ሰው ይኖርበት ነበር የሚባል ቦታ የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ወርቅ ፈላጊ ናችሁ?» ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይጠፋም። ለዚህ ነው መቆፈሪያም ብረት ፈላጊ መሣሪያም ይዛችሁ እንዳትሄዱ የምለው።

መቃብርና የአምልኮ ዛፍ ያለበትን ቦታ አስቀድማችሁ ጠይቁና ራቁት።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ደብተር፣ እርሳስ (እስክሪብቶ ዝናብ ላይ ያለቅሳል)፣ ሜትር፣ ስልክ፣ ውኃ፣ ጃንጥላ፣ እና ካርቶን። በካርቶኑ ላይ ክርና እርሳስ ይዛችሁ ከአንድ መሀል የሚነሱ፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋታቸው በየ5 ሳንቲ ሜትሩ የሚጨምር ክቦች ሣሉበት። ለምን እንደሆነ ወዲያው ታያላችሁ።

ስድስተኛ፦ አካሄድ

ተበታትኖ መሄድ ሽርሽር ነው። ማሳ ላይ ስትደርሱ በአንድ መስመር ተሰለፉ፣ በሁለት ሜትር ያህል ተራራቁ፣ ዓይናችሁን ከእግራችሁ ሁለት እርምጃ ፊት ላይ ጣሉና ቀስ ብላችሁ ሂዱ። የሆነ ነገር ያየ ሰው ይቆማል፣ እጁን ያነሣል፤ ያየውን ግን ገና ከመሬት አያነሣውም። ሌሎቹም ይቆማሉ። ገሉ ብዙ የሆነበትን አካባቢ በደብተር ላይ ነጥብ አድርጉ፤ መጨረሻ ላይ ነጥቦቹ ተሰብስበው አንድ ቦታ ከጨለሙ፣ የቤት ወይም የአመድ መጣያ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ከማሳ በላይ የምወደው ግን የተቆረጠ መሬት ነው፦ አዲስ መንገድ የወጣበት ዳገት፣ የጡብ ጭቃ የሚወጣበት ጉድጓድ፣ ወንዝ የናደው ዳር። እዚያ መሬቱ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ንብርብሩን ያሳያል። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ ሲል ቆይቶ ድንገት ጥቁር መስመር ካለፈበት ቁሙ። መስመሩ ወደ ታች ወርዶ እንደ ሆድ ከሰፋ ደግሞ ጉድጓድ ነበር ማለት ነው፤ የእህል፣ የቆጮ፣ ወይም የቆሻሻ። ናዳ ሥር ግን አትቁሙ፣ ከዝናብ በኋላ ያ ዳር ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል።

ተክልም ይናገራል። ሳማ የሚወደው እበትና አመድ የበላ መሬት ነው። በሜዳ መሀል ያለ ምክንያት ሳማና አስተናግር ተሰብስበው ካያችሁ፣ ከብት ያደረበት ወይም ጉድፍ የተጣለበት ሊሆን ይችላል። ወለንሱ ዛፍ በቀጥታ መስመር ከቆመ የድሮ አጥር ነው። እነዚህ ምልክቶች ግን የአያቶቻችንን ዘመን እንጂ የሺህ ዓመትን ነገር አይነግሩም። ዋጋቸው ሌላ ነው፦ ውኃ የቀረበው፣ ጎርፍ የማይነካው፣ ነፋስ የማይበረታበት ቦታ ለአያትም ለቅድመ አያትም ለከዚያ በፊትም ጥሩ ቦታ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ይሰፍራል።

ሰባተኛ፦ ያገኛችሁትን መመርመር

ድንጋይ። ጥልቅ ቀይ አፈር ባለበት ማሳ በተፈጥሮ ድንጋይ አይገኝም ማለት ይቻላል። እንግዲያው ማሳው መሀል ጡጫ የሚያህል ለስላሳ ድንጋይ ካለ፣ ከወንዝ ያመጣው ሰው ነው። ለምን አመጣው? አንድ ገጽታው ተበልቶ ለስልሶ እንደሆነ፣ ጫፉ በመቀጥቀጥ ተፈልፍሎ እንደሆነ እዩ። መሀሉ የተበሳ ክብ ድንጋይ ካጋጠማችሁ የመቆፈሪያ እንጨት ማክበጃ ሊሆን ይችላል፤ ሞፈርና ማረሻ ሳይኖር መሬት የሚገለበጠው በዚያ ነበር። ወፍጮን በተመለከተ ግን ታሪኬን አስታውሱ፦ ወፍጮ እስከ ትናንት ነበረ። ብቻውን ዕድሜ አይናገርም። የሚናገረው እህል እንደተፈጨ ብቻ ነው።

ባልጩት። ጥቁር፣ መስታወት የሚመስል፣ ጠርዙ ምላጭ የሆነ ስባሪ ነው። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ስለሆነ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ይበዛል። እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳተው በቢራ ጠርሙስ ነው፣ አትሳቁ፣ ደጋግሜ አይቻለሁ። ወደ ፀሐይ አቅርባችሁ ቀጭን ጠርዙን እዩ፤ ጠርሙስ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ያበራል፣ ውፍረቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ባልጩት እንደ ጢስ ግራጫ ያበራል፣ አንዱ ጎኑ ወፍሮ ሌላው ይሳሳል፣ ስብራቱም ላይ ውኃ ላይ ጠጠር ሲጣል እንደሚወጣው ክብ ክብ ማዕበል ይታያል። ባልጩትም ቢሆን «የድንጋይ ዘመን» ብላችሁ አትቸኩሉ። ኮንሶና ጋሞ ውስጥ ቆዳ ፋቂዎች በድንጋይ መፋቂያ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ሠርተዋል።

ገል። ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ጠፍጣፋና ወፍራም፣ ላዩ ለስላሳ ታቹ ሻካራ ከሆነ ምጣድ ነው። ጎበጥ ያለ ከሆነ እንስራ ወይም ድስት። ከንፈር ያለው ቁራጭ ካገኛችሁ ካርቶኑ ይውጣ፦ የከንፈሩን ጉብጠት በክቦቹ ላይ አንድ በአንድ እየገጠማችሁ የትኛው ላይ እንደሚተኛ እዩ። 10 ሳንቲ ሜትሩ ላይ ከተኛ ጠባብ አፍ ነው፣ የውኃ ወይም የጠላ ዕቃ፤ 30 ላይ ከሆነ ሰፊ አፍ ያለው ማብሰያ ነው። ከጣት የማይበልጥ ስባሪ ሙሉ ዕቃ ሆኖ ሲነሣ ልጆች የሚያሳዩት ፊት፣ ለዚያ ብቻ ብዬ ካርቶን ተሸክሜ እሄዳለሁ። በገሉ ላይ ያለውን የጭረት ጌጥ ፎቶ አንሡ፣ ከዚያ ወደነበረበት፣ በነበረበት ገጽ መልሱት። ሸክላ በአገራችን ከጥንት እስከ ዛሬ በእጅ ስለሚሠራ «የእጅ ሥራ ነው፣ እንግዲያው ጥንታዊ ነው» የሚል ድምዳሜ አይሠራም።

የብረት አር። ከባድ፣ አረፋ የወጣበት፣ ጥቁር የቀለጠ ድንጋይ የሚመስል ነገር ነው። ካገኛችሁ ብረት ቀልጦበታል ማለት ነው፤ ቢያንስ ያ የላይኛው ንብርብር ከብረት ወዲህ ነው። የብርጭቆ ስባሪ፣ ቆርቆሮ፣ ጥይት ቀለህ ከሆነማ ጣሊያንም ደርግም አልፎበታል።

ቦይ። በጊቤ መንግሥታት ዘመን (የአባ ጅፋር ጅማ ከነሱ አንዱ ነው) ድንበር በቦይና በኬላ ይጠበቅ ነበር፣ በመንግሥታቱ መካከል የሚተወው ጠፍ መሬትም ነበር። ያ ደግሞ የትናንት ታሪክ ነው፣ የጥንት ገበሬ ሥራ አይደለም። ሰው የቆፈረው ቦይ አፈሩ በአንድ ወገን ተከምሯል፤ ጎርፍ የቆረጠው ግን ክምር የለውም፣ ቁልቁለቱንም ተከትሎ ይወርዳል። የከብት መንገድ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ውኃ ይሄዳል።

ስምንተኛ፦ አትቆፍሩ

ምክንያቱን በአንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አክሱም አጠገብ ጎበድራ በሚባል የዐለት መጠለያ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቁፋሮ ሲደረግ፣ ብዙ ሺህ ዓመት ዕድሜ ባለው ንብርብር ውስጥ የዳጉሳ ዘር ተገኘ። ዓለም ተደነቀ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ዳጉሳ ያን ያህል ቀድሞ ተዘርቷል ተባለ። በኋላ ዘሩ ራሱ በራዲዮካርቦን (በውስጡ በቀረው ካርቦን ዕድሜን በሚያወጣ ዘዴ) ሲለካ ዕድሜው አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዘሩ ከላይ ወደ ታች ወርዶ ነበር። ይህ የሆነው በሠለጠኑ ሰዎች፣ በጥንቃቄ በተደረገ ቁፋሮ ነው። እናንተ በዶማ ብትነካኩትማ ከላይና ከታች ተቀላቅሎ ለዘላለም ይጠፋል። የራዲዮካርቦን ልኬት የሚሠራው በ5,730 ዓመት ግማሹ በሚያልቅ ካርቦን ላይ ነው፤ ከሰሉ የት እንደነበረ ካልታወቀ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም የሚነግረን ነገር የለም።

ሕጉም አለ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ይከለክላል፤ ቤት ሲሠራ ወይም መንገድ ሲወጣ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይነካው ጠብቆ ማሳወቅ አለበት። አሠራሩ ይህ ነው፦ ሥራውን አቁሙ፣ ቦታውን በስልካችሁ ምልክት አድርጉ፣ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሡ፣ ከጎኑ ሜትር አስቀምጡ፣ ዝናብ ካለ በላስቲክ ሸፍኑት፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም በዚያው ቀን ንገሩ። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ቦታውን ለይታችሁ አትለጥፉ። በማግሥቱ ዶማ የያዘ ጎረምሳ እዚያ ይገኛል።

ተማሪ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ኪስ ይፈተሽ። ለቀልድ አይደለም። አንድ ጊዜ ጅማ ከገባን በኋላ ከአንድ ልጅ ቦርሳ መጅ ወጥቶ፣ እኔው በነጋታው በባጃጅ መልሼዋለሁ።

የተቆፈረውን ማየት ለምትፈልጉ

ጥንቱ ከዝናብ ያመለጠበት ቦታ ዋሻ ነው፤ ስለዚህ የደቡብ ምዕራቡ ጥናት የበረታው ካፋ ውስጥ ባሉ የዐለት መጠለያዎች ነው። ኩማሊ በተባለው መጠለያ ከወጡት ነገሮች ውስጥ ወደ 1,700 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የቡና ፍሬ ይገኝበታል። (የቡና መገኛ ካፋ ያለው ማኪራ ነው ወይስ ጎማ ወረዳ ያለው የእኛው ጮጬ የሚለውን ክርክር ይዛችሁ ቦንጋ አትግቡ፤ ምሳ ሳትበሉ ይመሻል።) ቦንጋ ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት በለጥ ይላል፣ ከመናኸሪያ ጠዋት 12 ሰዓት ብትነሡ ቀኑ ይበቃችኋል። ከተማው ውስጥ የቡና ሙዚየም አለ። ዋሻዎቹ ጋ ለመድረስ ግን ከዞኑ ባህልና ቱሪዝም መንገድ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ፤ ጫካው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ የመዘገበው የባዮስፌር ክልል ስለሆነ ያለ መሪ አይገባም።

ጊዜ ካላችሁ በጭዳ በኩል ወደ ሶዶ ወርዳችሁ ዳሞታ ተራራ ላይ ያለውን ሞቼ ቦራጎ እዩ። ሰፊ መጠለያ ነው፣ በባልጩት ስባሪ የተሞላ፣ ዕድሜውም ገበሬ ከመኖሩ ከብዙ አሥር ሺህ ዓመታት በፊት ይጀምራል።

ዋሻ ስትገቡ ባትሪ ያዙ፣ በግድግዳው ላይ ያለውን ጥላሸት አትንኩ፣ እሳት አታንድዱ፤ ዛሬ የምታነዱት ከሰል ነገ ለሚለካው ሰው ውሸት ይሆንበታል። አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆፈረ ጉድጓድ ካያችሁ ጠርዙ ላይ አትቀመጡ፣ እግራችሁን ወደ ውስጥ አታንጠልጥሉ። ምሳችሁን ከውጭ ብሉ፣ ልጣጩንም ይዛችሁ ተመለሱ።